ጓሳን ማን ጠበቀው?



የመጽሔቱ አዘጋጆች ስለ አገራችን ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ ሲጠይቁን መጀመሪያ ያሰብነው ስለ አክሱም ወይም ስለ ላሊበላ ነበር። ይሁንና ስለ እነርሱ የሚጽፍ ሊቅ አይጠፋም ብለን ተውነው። እኛ የታሪክ ሊቃውንት አይደለንም። በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. በተነሣው የተማሪዎች ተቃውሞ ሰሞን የዩኒቨርሲቲ ትምህርታችንን ከመካከሉ አቋርጠን፣ በኬንያ በኩል አድርገን ዳላስ የደረስንና ከዚያ ወዲህ በታክሲ ሥራ የምንተዳደር ሰዎች ነን። ሆኖም ከመጻሕፍት ያነበብነውን፣ በዓይናችን ያየነውንና ከአገሬው አንደበት የሰማነውን አንድ ላይ አድርገን ብናቀርበው ለአባላት ይጠቅማል ብለን ስላመንን ብዕራችንን አነሣን።

የጽሑፉ መነሻ በዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ጣቢያ የታክሲ ተራ ስንጠብቅ ሁልጊዜ የምናነሣው ጥያቄ ነው። ይኸውም ‹‹ልጆቻችንን አገር ቤት ስንወስዳቸው ምን እናሳያቸው?›› የሚል ነው። አብዛኞቻችን የምናደርገው የታወቀ ነው። ቦሌ እንወርዳለን፤ ከዘመድ ቤት ወደ ዘመድ ቤት ስንዞር፣ ሠርግና ለቅሶ ስንደርስ ሦስቱ ሳምንት ያልቃል። ልጆቹ ተመልሰው የሚያወሩት ስለ መኪናው ጭስ፣ ስለ አክስቶቻቸው መሳምና ስለ ሆድ ሕመማቸው ይሆናል። ገንዘብ የተረፈው በአውሮፕላን ላሊበላ ደርሶ ይመለሳል። አብዛኛው ሕዝባችን የተወለደበትና የኖረበት የገጠሩ ደጋ ግን ሳይታይ ይቀራል።

እኛም እንደዚሁ ስናደርግ ኖረን በጥር 2011 ዓ.ም. ከቤተሰብ ጋር ሆነን ለየት ያለ ጉዞ አደረግን። ከአዲስ አበባ በመኪና ተነሥተን መንዝ፣ ጓሳ የሚባለው ቦታ ድረስ ሄድን። ጓሳ የሣር ስም ነው፤ ሣሩ የበቀለበት አምባም በሣሩ ስም ይጠራል። እዚያ ያየነው ነገር ልጆቻችንን አስደሰተ፤ እኛን ደግሞ አሳሰበን። አንድ የአገሬው ሽማግሌ የጠየቁን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀንም። ወደ እርሱ ከመድረሳችን በፊት ግን መንገዱን እንጀምር።

መንገዱና በመንገድ የሚታየው

ከአዲስ አበባ በሰንዳፋና በሸኖ በኩል 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ደብረ ብርሃን ይደረሳል። ከተማዋን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። ስሟም በሰማይ ላይ ከታየ ብርሃን የመጣ መሆኑ በታሪክ ይነገራል። ብርዷ የታወቀ ስለሆነ ለልጆች ወፍራም ልብስ ያልያዘ ሰው እዚያው ገበያ ገብቶ መግዛት ይችላል። የመንዝ በግ ሱፍ ሻካራ ቢሆንም ሙቀቱ ለጉድ ነው፤ ከእርሱ የሚሠራው ባና ብርዱን ድል ያደርጋል። እኛም አንድ ባና ገዝተን ይዘን መጥተናል። በቴክሳስ ለመልበስ አጋጣሚው ባይገኝም በየካቲት 2013 ዓ.ም. በረዶ ወርዶ በዳላስና በፎርት ወርዝ መብራት የጠፋ ጊዜ ልጆቻችን ሁለቱም በእርሱ ሥር አድረዋል።

ጊዜ ያለው ሰው ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ቢወጣ መልካም ነው፤ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። አንኮበር ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. ሸዋን የገዙት የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ ነበረች። ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የተባለው የእንግሊዝ መኮንን በ1841 እ.ኤ.አ. መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ወደዚያ ነው። ዐፄ ምኒልክም ከመቅደላ አምልጠው በ1865 እ.ኤ.አ. የሸዋን አልጋ ከያዙ በኋላ አንኮበር ተቀምጠው ገዝተዋል። የቤተ መንግሥቱ ሥፍራ ከሾጣጣ ኮረብታ ላይ ነው። ከዚያ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ሲመለከቱ ገደሉ ቁልቁል ወርዶ እስከ አፋር ቆላ ድረስ ይታያል። ወፍ ለሚወድ ልጅ ደግሞ በአንኮበር ስም የተሰየመች፣ ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር በሌላ አገር የማትገኝ ትንሽ ወፍ አለች። ሳይንስ የመዘገባት በ1979 እ.ኤ.አ. ብቻ ነው። የአገሬው ሰው ግን ስንት ዘመን ሲያያት ኖሯል!

ከደብረ ብርሃን ዋናውን የደሴ መንገድ ይዞ የሄደ ሰው ጣርማ በር ይደርሳል። በጣርማ በር ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ተራራውን ሰንጥቆ የሠራው ዋሻ አለ። ዋሻውን አልፎ የሚሄደው ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። የጓሳ መንገደኛ ግን ወደ ቆላው አይወርድም፤ ከደጋው ጫፍ ላይ እንደሆነ ወደ ሰሜን ይታጠፍና በመዘዞ በኩል ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ ይይዛል። እኛ በሄድንበት ጊዜ መንገዱ ኮረኮንች ነበር። ከአዲስ አበባ ጓሳ ድረስ በጠቅላላው 260 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኛ ታክሲ ነጂዎች በዚህ አገር ይህን ያህል መንገድ ከቁርስ እስከ ምሳ እንጨርሰዋለን። እዚያ ግን ከንጋት እስከ ማታ ፈጀብን፤ ያየነውን ስናስብ ግን አልቆጨንም።

ጓሳ ምን ይመስላል?

ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው ሰፊ የሣር አምባ ነው። ዳላስ ከፍታዋ 130 ሜትር ገደማ መሆኑን ስናስብ ልዩነቱ ይገባናል። ደረጃ እንደ መውጣት ያለች ትንሽ አቀበት እንኳ ልብን ታደክማለች። ስፋቱ ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ለእኛ ለዚህ አገር ነዋሪዎች ለማነጻጸር ያህል፣ የዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ጣቢያ ግቢ በሙሉ 70 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ያ ሁሉ የምንዞርበት ግቢ ከነአውራ ጎዳናውና ከነማኮብኮቢያው በጓሳ ውስጥ ገብቶ ቦታ ይተርፋል።

ጠዋት ከፀሐይ መውጫ በፊት ተነሥተን ወደ ገደሉ አፋፍ ሄድን። ሣሩ በውርጭ ነጭ ለብሶ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል አንድ አንድ እያሉ ወደ ሜዳው ወጡ። ወንዶቹ እንደ አንበሳ ጎፈር አላቸው፤ ደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት አለ። እንደ ሌላው ዝንጀሮ ዛፍ ላይ አይወጡም፤ ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሣር ይነጫሉ፤ ምግባቸው በአብዛኛው እርሱ ነው። ያን ጊዜ 8 ዓመቱ የነበረው ልጃችን ‹‹እነዚህ ዝንጀሮዎች ላም ናቸው እንዴ?›› ብሎ አሳቀን። ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም እንደማይገኙ ስንነግረው ግን ዝም ብሎ ለረጅም ጊዜ አያቸው።

ቀይ ቀበሮም በዕድላችን አየን። ይህም አውሬ የእኛ አገር ብቻ ነው፤ በጠቅላላው የቀረው ቁጥር ከ500 በታች ነው ተብሎ ይገመታል። ቀበሮው በጭላዳዎቹ መካከል ቀስ ብሎ ሲሄድ እነርሱም አልሸሹም፣ እርሱም አልነካቸውም። ነገሩ እንግዳ ስለሆነብን በኋላ አገላብጠን አነበብን። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመራማሪዎች በጓሳ ሆነው ጭላዳን ሲያጠኑ ቆይተዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት እንደሚለው፣ ቀበሮው ብቻውን አይጥ ሲያድን የሚሳካለት ከ4 ጊዜ 1 ጊዜ ያህል ሲሆን፣ ከጭላዳዎች መካከል ሆኖ ሲያድን ግን ከ3 ጊዜ 2 ጊዜ ያህል ይሳካለታል። የጭላዳን ግልገል ሊነካ ቢሞክር ግን መንጋው ያባርረዋል። ስለዚህ ግልገሉን ትቶ አይጡን መርጧል። ጎረቤት ሆኖ መኖር ጥቅም እንዳለው አውሬም ያውቀዋል ማለት ነው።

ከእንስሳው ሌላ ጅብራው አለ፤ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ በሜዳው ላይ የቆመ ነው። ጦስኙ ከእግር በታች ሲረገጥ ሽታው ያውዳል። ከአምባው ከሃያ በላይ ምንጮችና ወንዞች ይነሣሉ፤ ከፊሉ ወደ ዓባይ፣ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ማታ በሽማግሌዎቹ ምድጃ ዙሪያ ቁጭ ብለን የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን ስንጫወት፣ ልጆቻችን ስልካቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ረስተው ዋሉ ብንል ማጋነን አይሆንም።

የቄሮ ሥርዓት

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሣር እንዴት ተረፈ? ዙሪያውን ያለው ደጋ እስከ ገደል አፋፍ ታርሶ፣ እዚህ ላይ ሲደረስ እንደ ተሳለ መስመር እርሻው ቆሞ ሣሩ ይጀምራል። አጥር የለውም። የታሪኩ ዋና ነገር ከዚህ ላይ ነው።

መንዝ የማማ፣ የላሎና የጌራ ምድር ተብሎ ይከፈላል። የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግም የሚጀምረው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከመንዝ ከተነሡት ከነጋሢ ክርስቶስ ነው። አሜሪካዊው ምሁር ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ‹‹ሰምና ወርቅ›› በተባለው የእንግሊዝኛ መጽሐፋቸው አንድ ትልቅ ምዕራፍ ለመንዝ ሰጥተዋል። የጓሳ ጥበቃም የተጀመረው በዚያው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው ተብሎ ይነገራል። አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት ቀደምት አባቶች አምባውን ለሣርና ለግጦሽ ለይተው አስቀመጡት፤ ልጅ ልጆቻቸውም በአፅመ ርስትነት ወረሱት።

አጠባበቁ ‹‹ቄሮ›› ይባላል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በኦሮምኛ ለወጣቶች ሲነገር ከምንሰማው ቃል ጋር እንዳይምታታ አንባብያንን እናሳስባለን፤ ይህኛው የመንዝ የሣር ጥበቃ ሥርዓት ነው። የአስቦ ወገን አንድ፣ የጌራ ወገን አንድ መሪ ይመርጣል፤ መሪው አባ ቄራ ይባላል። አባ ቄራዎቹ ከሽማግሌዎች ጋር መክረው ጓሳን ይዘጋሉ። ሲዘጋም ለአንድ ሰሞን ሳይሆን ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት ያህል ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማጨድም፣ ከብት መልቀቅም፣ ማገዶ መልቀምም ክልክል ነው። ሣሩ በቂ ሆኖ አድጓል ሲባል በበጋው አጋማሽ፣ በየካቲት ወይም በመጋቢት ግድም፣ የሚከፈትበት ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በለቅሶ ቦታ ይነገራል። ክረምቱ ሲገባ፣ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ቀን፣ ሁሉም ከብቱን ይዞ ይወጣል፤ ጓሳም መልሶ ይዘጋል። ድርቅ ሲመጣና የሰው ከብት ሊያልቅ ሲል ደግሞ የተጠበቀው ሣር መጠባበቂያ ይሆናል።

ሣሩ የሚውልበት ሥራ ብዙ ነው። ቤት ይከደንበታል፤ የጓሳ ክዳን ብዙ ዓመት ይኖራል። ገመድ ይገመድበታል፤ ለዝናብ የሚለበሰው ገሳና ለቡሄ የሚጮኸው ጅራፍ ይሠራበታል። ጨረንፌ የሚባለው ቁጥቋጦ ለማገዶ ይሆናል። የቸገረው ሰው ሣሩን አጭዶ ገበያ አውጥቶ ይሸጣል። ስለዚህ ጓሳ ለመንዝ ሰው የክፉ ቀን ተቀማጭ ነበር ማለት ይቻላል።

ማን ጠበቀው? ደመወዝተኛ ዘበኛ አልነበረም። አቅም ያለው ወንድ ሁሉ በየተራው እየወጣ ይጠብቅ ነበር። ሰርቆ ያጨደ ሰው ሲገኝ ተከታትሎ መያዝ የሁሉም ግዴታ ነበር። ተራውን የሸሸ ሰው ላይ የሚወርደው ቅጣት እስከ ቤት ማቃጠል ይደርስ እንደነበር ሽማግሌዎቹ ያወሳሉ። ይህ ለዛሬ ሰው ጆሮ የሚከብድ ቅጣት ነው፤ እኛም አናወድሰውም። ነገር ግን ተራን መሸሽ የሌላውን ሰው ቤት ክዳን እንደ መስረቅ ይቆጠር እንደነበር ያስረዳናል።

በ1967 ዓ.ም. ምን ሆነ?

ነገሩን ሁሉ መልካም ነበር ብለን ብናልፍ ታሪክ መጻፍ አይሆንም። የቄሮ ሥርዓት የተሠራው በርስት ላይ ነው። ከአስቦ ወይም ከጌራ ትውልድ ያለው ሰው ሣር ያገኛል፤ ትውልዱን መቁጠር ያልቻለ ግን በጓሳ አጠገብ ተወልዶ አርጅቶ እንኳ አንድ ሸክም ሣር የማጨድ መብት አልነበረውም። ‹‹መሬት ላራሹ›› እያሉ በየካቲት 1957 ዓ.ም. አደባባይ የወጡት ተማሪዎች የታገሉት እንዲህ ያለውን ነገር ለማስቀረት ነበር። እኛም ከእነርሱ ብዙ ዘመን በኋላ በዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያለፍን ሰዎች ጥያቄያቸው ፍትሓዊ እንደነበረ እንመሰክራለን።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ ተብሎ ታወጀ። ርስት ቀረ፤ የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓሳ የሁሉም ሆነ። ለዘመናት የተከለከለው ሰው መብቱን አገኘ፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ከርስቱ ጋር አባ ቄራውም ተሻረ፤ ከአባ ቄራው ጋር ደግሞ ተራው ቀረ። የሁሉም ሲሆን የሚጠብቀው ሰው ጠፋ። ሣሩ በዘፈቀደ ታጨደ፤ ከብቱ ያለ ወቅቱ ተለቀቀ፤ ቁጥቋጦው ለማገዶ ተለቀመ፤ ዳር ዳሩም ታረሰ። ለሦስት መቶ ዓመት የቆየው ነገር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሊያልቅ ተቃረበ።

ይሁንና አላለቀም። በዙሪያው ያሉት የገበሬ ማኅበራት ሽማግሌዎችና ካህናት ተሰብስበው መከሩ። የድሮውን ሥርዓት እንዳለ መመለስ አይቻልም፤ ርስት የለም፤ የተገኘውን መብት መልሶ መንጠቅም ግፍ ነው። ስለዚህ ጥበቃውን ከአዲሱ ዘመን ጋር አስማሙት። ትውልድ መቁጠር ቀርቶ በየቀበሌው የሚኖር ሁሉ ባለ መብት ሆነ፤ በምትኩ ኮሚቴ ተመርጦ፣ የመዝጊያና የመክፈቻ ደንብ ወጥቶ፣ ጠባቂዎች ከራሱ ከሕዝቡ ተመደቡ። በ2000ዎቹ ዓመታት በእኛ አቆጣጠር የክልሉ መንግሥት ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ አወቀው። የውጭ የእንስሳት ጥበቃ ድርጅት ረድቷቸው የእንግዳ ማረፊያ ሠርተው ነበር፤ እኛም ያረፍነው በዚያ ነው። መንግሥት ሦስት ጊዜ ተለዋውጧል፤ ጓሳ ግን አለ። ያቆየው ደንቡ ብቻ አይደለም፤ ደንቡን የእኔ ነው ያለ ሰው በመኖሩ ነው።

የሽማግሌው ጥያቄ

አሁን ወደ ጀመርነው ነገር እንመለስ። በሁለተኛው ቀን ያጀቡን ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ ጠባቂ ነበሩ። ይህን ሁሉ ካወጉን በኋላ ሣሩ ላይ አረፍ ብለን ሳለ እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦

‹‹እናንተስ ልጆቼ፣ በአሜሪካን አገር የጋራ የሆነ ምን አላችሁ?››

ሁላችንም ትንሽ ዝም አልን። ከዚያ ‹‹ማኅበር አለን አባባ›› አልናቸው። ያን ጊዜ ማኅበራችን ሦስት ዓመቱ ነበር።

‹‹እሰየው! ማን ይጠብቀዋል?››

‹‹ሊቀ መንበሩና ጸሐፊዋ አሉ፤ ገንዘብ ያዥም አለ፤ በጣም ይደክማሉ።››

ሽማግሌው በቀስታ ሳቁና ‹‹እንግዲያስ የእነርሱ ነዋ፣ የእናንተ መቼ ሆነ?›› አሉን።

ይህን ቃል በዚያ ቀን እንደ ቀልድ አሳለፍነው። ዳላስ ተመልሰን ግን በየስብሰባው ትዝ ይለን ጀመር።

በቴክሳስ የነበረው ሣር

ወገኖቻችን ‹‹ይህ የገበሬ ነገር ነው፣ ለእኛ ምን ይሆነናል?›› እንዳይሉ አንድ ነገር እንጨምር። ዛሬ እኛ የምንኖርበት የዳላስ ምድር ራሱ የሣር አገር ነበር። ከቀይ ወንዝ አጠገብ ጀምሮ በዳላስና በዌኮ አድርጎ እስከ ሳን አንቶኒዮ የሚወርደው የመረሬ አፈር ምድር ከሰው ቁመት በሚበልጥ ሣር የተሸፈነ ሜዳ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ለጥጥ እርሻ ተገለበጠ፤ ከዚያም ከተማ ሆነ። ከዚያ ሁሉ ሣር ዛሬ የቀረው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ከፎርት ወርዝ በስተ ሰሜን በዲኬተር ከተማ አጠገብ በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ስም የተሰየመ የሣር ምድር አለ፤ ከ20,000 ኤከር በላይ ነው። እርሱም ቢሆን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አፈሩ ተሸርሽሮ የተጎዳውን እርሻ መንግሥት ገዝቶ መልሶ ሣር ያለበሰው ነው።

ልጆቻችንን አንድ ቅዳሜ ወደዚያ ወሰድናቸው። አሁን ያደገችው ልጃችን ሜዳውን ተመልክታ ‹‹ይሄኛውን ካጠፉት በኋላ ነው የጠበቁት፤ የጓሳን ሳይጠፋ ነው›› አለች። ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ እኛም አላገኘንም። ሀብታም መንግሥት የጠፋውን ገንዘብ ከፍሎ ይመልሳል። ድሃ ገበሬና ስደተኛ ግን የጠፋበትን መልሶ የሚገዛበት ገንዘብ የለውም፤ ሳይጠፋ መጠበቅ ብቻ ነው ያለው ምርጫ።

ስለ ራሳችን

ማኅበራችን አሥር ዓመት ሞላው። በመጀመሪያው ዓመት ለቀብር መዋጮ ስንሰበስብ፣ ለአዲስ መጪዎች ቤት ስንፈልግ፣ ለልጆች የአማርኛ ትምህርት ስንከፍት ወንበር የሚደረድር ሰው ተርፎ ይሻማ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ዛሬስ? አባላት በዝተናል፤ በእንቁጣጣሽ በዓል አዳራሹ አይበቃንም። ነገር ግን ወንበር የሚደረድሩት፣ ድስቱን የሚያጥቡት፣ ሆስፒታል የሚሄዱት፣ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ፊደል የሚያስቆጥሩት ያው ስድስት ወይም ሰባት ሰዎች ናቸው። ጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ምልዐተ ጉባኤ ሳይሞላ ተበትኗል። ይህን ስንጽፍ ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ በሁለቱም ቀን ከቀሩት መካከል እኛም አለንበት። ‹‹ሥራ ላይ ነበርን›› ማለት እንችላለን፤ ከኡበርና ከሊፍት መምጣት ወዲህ የታክሲ ገቢ ቀንሶ ሰዓታችን መርዘሙም እውነት ነው። ግን የመንዝ ገበሬም ተራ ሲደርሰው እርሻ ነበረበት።

ሌላም የማይነገር ነገር አለ። ‹‹የእገሌ አገር ሰዎች ማኅበር ነው›› እየተባለ ከደጅ የሚመለስ ወገን አለ። ማንም በይፋ አልከለከለውም፤ ነገር ግን የሚቀመጥበትን ወንበር ያሳየው የለም። ይህ በየዋህነት የምንሠራው የርስት ሥርዓት ነው። የጓሳ ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምረናል። ለተወለደበት ብቻ የተከፈተ የጋራ ሀብት ግፍ አለበት፤ ለሁሉም ተከፍቶ ተራ የሌለው የጋራ ሀብት ደግሞ ያልቃል። የመንዝ ሰዎች በሁለቱም አልፈው ሦስተኛውን መንገድ አገኙ፤ ይኸውም በሩን ለሁሉ ከፍቶ ተራውንም ለሁሉ ማካፈል ነው። ‹‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ›› የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። እኛ ታክሲ ነጂዎች ተራን ማንም ሳያስተምረን እናውቃለን። በማቆያው ሜዳ ላይ ሀብታምም ሆነ ድሃ፣ አማራም ሆነ ኦሮሞ፣ ትግሬም ሆነ ጉራጌ፣ የመጣበትን ሰዓት ጠብቆ ይሰለፋል፤ ተራ የሰረቀ ሰው ወዮለት! ይህንኑ ወደ ማኅበራችን እናምጣው። እያንዳንዱ አባል በዓመት አራት ቀን ብቻ የሥራ ተራ ይኑረው፤ ስሙ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የቀረ ሰው ቤቱ አይቃጠል፤ የሚቀጥለውን ቡና ያፍላ። በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ይህን ሐሳብ ይዘን እንቀርባለን፤ በዚህ ጊዜ አንቀርም።

ለመንገደኞች

ወደ ጓሳ ለመሄድ ለሚያስቡ አባላት ጥቂት ምክር እንስጥና እናብቃ። የሚመቸው ጊዜ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ነው፤ ዝናቡ አልፎ ሰማዩ የጠራ ይሆናል። ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ካፖርት፣ ኮፍያና ጓንት ይያዝ። በመጀመሪያው ቀን ብዙ አለመራመድ፣ ውኃ መጠጣት ጥሩ ነው። ጭላዳን መመገብ አይገባም። ውሻ ይዞ መግባትም ክልክል መሆን አለበት፤ ቀይ ቀበሮን ከሚጨርሱት ነገሮች ዋናው ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነውና። ምግብና አስጎብኚ ከአገሬው ይገዛ፤ ጥበቃው የሚቀጥለው በዚያ ገንዘብም ጭምር ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የአካባቢውን ሰላም መጠየቅ ያስፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ ደርሶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭትም መንገዱን ሁሉ አስቸጋሪ አድርጎታል። እኛ ያየነው የ2011 ዓ.ም. ጥር ነው። ዘመድና የአገሩን ሰው ሳይጠይቁ ልጆችን ይዞ መነሣት ተገቢ አይደለም። ያጀቡን ሽማግሌ ዛሬ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ በስልክ ልናገኛቸው አልቻልንም። ካሉ ዕድሜ ይስጥልን፤ ለጥያቄያቸውም መልስ ይዘን የምንሄድበትን ቀን እግዚአብሔር ያቅርብልን።

መልሱም በእኛ እጅ ነው። ‹‹ማን ይጠብቀዋል?›› ሲሉን በሚቀጥለው ጊዜ ‹‹ሁላችንም፣ በየተራችን›› ለማለት ያብቃን።

ለሃያኛው ዓመት በዓላችን በሰላም ያድርሰን። አሜን።